ግራ እጅ ለማያውቅ

ሁለተኛ ሳምንት፣ ሰኞ

ዳይሬክተሯ ጠዋት መምህራን ማረፊያ ገብታ ማስታወቂያ ለጠፈችና ምንም ሳትናገር ወጣች። ያስፈራን ሳትናገር መውጣቷ ነው። ሴትየዋ ደወሉ ተበላሽቷል ለማለት እንኳ ሩብ ሰዓት አይበቃትም።

ሲወራ የከረመው የትምህርት ማሻሻያ እኛም ጋ ደረሰ። ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ሱፐርቫይዘር እየመጣች ክፍል ውስጥ ትቀመጣለች። ስንቱ ልጅ እጁን እንዳወጣ፣ ስንቱ እንደመለሰ ትመዘግባለች። በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ ቀለም ይሰጠዋል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ። ቀይ የወጣበት ትምህርት ቤት መምህራን ይበተናሉ የሚል ነገር ማስታወቂያው ላይ የለም። እስከ እረፍት ሰዓት ግን ሁሉም በዐይኑ ያነበበ ይመስል ያንኑ ሲያወራ ነበር።

ዞረው እኔን አዩኝ። የመምህራን ማኅበሩ ተወካይ ስለሆንኩ ሁልጊዜ ኪሴ ውስጥ መልስ ያለ ይመስላቸዋል። "እስቲ ረጋ በሉ፣ እንነጋገርበታለን" አልኳቸው። ይህንን ያልተናገርኩበት ዓመት የለም።

ለራሴ አልሰጋሁም። ትንሽ ሰግቻለሁ። ይበልጥ የሰጋሁት ግን ለጋሽ አይዞህ ነው። ጋሽ አይዞህ ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣል። ንባብ አልገባ ያላቸውን ልጆች ከየክፍላችን እየወሰደ፣ ድሮ የተሰበረ ዴስክ ይከመርበት በነበረው ጠባብ ክፍል ያስተምራቸዋል። ለገባው ልጅ ሁሉ የመጀመሪያ ቃሉ "አይዞህ" ስለሆነ እውነተኛ ስሙን የሚጠራው ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ነው። እሱ ጋ እጅ ማውጣት የሚባል ነገር የለም። ወንበር ስቦ ልጁ አጠገብ ይቀመጣል፣ ጣቱን ቃሉ ሥር ያደርጋል፣ ይጠብቃል። ሱፐርቫይዘሯ እዚያ ገብታ እጅ ብትቆጥር የምታገኘው ባዶ ነው።

ሁለተኛ ሳምንት፣ ረቡዕ

በምሳ ሰዓት ስብሰባ። በችኮላ ነው የምጽፈው።

ዘዴውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። የሚያውቅ ቀኝ እጁን፣ የማያውቅ ግራ እጁን ያወጣል። ከኋላ ለተቀመጠ እንግዳ ክፍሉ ሙሉ እጅ ነው። መምህሩ ቀኝ ያወጣውን ብቻ ይጠራል። እኔ ገና ጀማሪ ሳለሁ አንዲት ባልደረባዬ በጆሮዬ ያቀበለችኝ ነው፤ ግማሾቹም ያውቁታል። አዲሱ ነገር፣ ሁላችንም በአንድነት እናድርገው ማለቴ ነው። አንዱ አብርቶ ሌላው እንዳይጋለጥ። ማኅበር ማለት ይኸው አይደል?

የስፖርት መምህሩ "እኔ ጋ ያላወቀ እግሩን ያውጣ?" አለና ሳቅን። ጋሽ አይዞህ አልሳቀም።

"እኔ ጋ እንግዲህ ሁሉም ግራ ነው" አለ።

"እርስዎ አይጨነቁ፣ እርስዎ ጋ እንዳትደርስ እናደርጋለን" አልኩት።

ሦስተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

ከሦስተኛ ክፍሎቼ ጋር ተለማመድን። ለእነሱ ጨዋታ ነው፤ አንዱማ ግራና ቀኙን እየሳተ ሁለቱንም አወጣ። ዝምተኛዋ ልጅ፣ ያቺ መስኮቱ ጥግ የምትቀመጠው፣ ጋሽ አይዞህ ጋ የምትመላለሰው፣ ስንወጣ ወደ እኔ መጣች። ከመንፈቅ ዓመቱ መጀመሪያ ወዲህ በራሷ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነው።

"ቲቸር፣ ግራዬን ካወጣሁ አይጠይቁኝም?"

"አልጠይቅሽም።"

"በእውነት?"

"በእውነት።"

ፊቷ እንዴት እንደበራ። ደስ አለኝ።

ሦስተኛ ሳምንት፣ ዓርብ

ሱፐርቫይዘሯ መጣች፣ አየች፣ ሄደች። መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ረጋ ያለች ሴት ናት። የልጆቹ ወንበር ላይ ጉልበቷ አገጯ ሊደርስ ምንም አልቀረው ተቀምጣ ጻፈች። የእጁን ብዛት ስታይ ቀና ብላ ፈገግ አለች። እኔም ዐይኔን በጨው አጥቤ መልሼ ፈገግ አልኩ።

ጋሽ አይዞህ ጋ አልደረሰችም። ሻይ አስረዘምንባት።

አምስተኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

አረንጓዴ!

ዳይሬክተሯ ምልክቱን በር ላይ ስታስለጥፍ ዘበኛው ሳይቀር አጨበጨበ። ዝናብ ሲመጣ ባልዲ የምንደረድርበት የአራተኛ ክፍል ጣሪያ ይጠገናል ተብሏል። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ከእኛ ትምህርት ቤት አንድም ሰው አልተጋለጠም።

አምስተኛ ሳምንት፣ እሑድ

ልጄ ለምሳ መጥታ ነበር። እሷም አስተማሪ ናት፣ ግን የግል ትምህርት ቤት። ማኅበር የላቸውም፤ ሲፈልጉ ይቀጥሯቸዋል፣ ሲፈልጉ ያሰናብቷቸዋል። ዘወትር በዚህ እንከራከራለን።

"እማዬ፣ የእናንተ ማኅበር ሰነፉንም ጎበዙንም እኩል ነው የሚያቅፈው" አለችኝ።

"እናንተ ጋ ማንበብ ያቃተው ልጅ ሲገኝ ምን ታደርጋላችሁ?"

"ወላጅ ይጠራል። ለልጁ የሚስማማ ሌላ ትምህርት ቤት ፈልጉ ይባላል።"

"የት ይሄዳል ታዲያ?"

"እናንተ ጋ" አለች።

አባቷ ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ ሳቀ። እኔ ግን አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ማለት በሩን ለማንም የማይዘጋ ማለት ነው። የሚያነበውም፣ የማያነበውም፣ ደብተር የሌለውም ይገባል። የምንለካው በቀለም አይደለም፣ ማንን ደግፈን እንዳቆምን ነው። ጥሩ ተናገርኩ። ልጄ እንኳ "እሱስ እውነት ነው" አለች። በር ላይ ስለተለጠፈው አረንጓዴ አልነገርኳትም። ለምን እንዳልነገርኳት አላውቅም፤ ረስቼው ይሆናል።

ስድስተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

ዝምተኛዋ ልጅ ተለወጠች። እንግዳ በሌለበትም ቀን እጇን ታወጣለች፣ በየጥያቄው። የምታወጣው ግራ እጇን ነው። ግራኝ ሳትሆን አትቀርም።

ተራው ስለማይደርሳት ጠርቻት አላውቅም። የክፍሉ ልጅ ብዙ ነው።

ሰባተኛ ሳምንት፣ ሰኞ

ደብዳቤ መጣ። የጋሽ አይዞህ ክፍል በአሥረኛው ሳምንት ይዘጋል። "በትምህርት ቤቱ የንባብ ድጋፍ የሚሻ ተማሪ ቁጥር እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ በመገኘቱ" ይላል። እሱ ከተማው ሌላ ጫፍ ወዳለ ቀይ ወደወጣበት ትምህርት ቤት ይዛወራል።

ደሜ ፈላ። ጠመኔ ይዘው የማያውቁ ሰዎች ቢሮ ተቀምጠው ልጆቻችንን በቀለም ይከፋፍላሉ። እጅ ቆጥረው ትምህርት ለካን ይላሉ። እጅ ያወጣ ሁሉ አወቀ ማለት ነው? የእኔ ክፍል ብቻ ስንቱ ልጅ ፊደል ከፊደል ማገናኘት አቅቶት እንደሚቸገር ማን ጠየቀ? አንድ ሰው መጥቶ ቢጠይቀኝ እነግረው አልነበር?

ቤት ስገባ ባለቤቴ የአውቶቡስ ሹፌር ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ ይህን ሁሉ ሰማኝ። "ሴትየዋ ክፍልሽ ተቀምጣ አልነበር?" አለኝ። ሹፌር ስለትምህርት ምን ያውቃል ብዬ ወደ ማድቤት ሄድኩ።

ሰባተኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

የማኅበሩ ሊቀመንበር ከላይ መጣ። ማይክ ነው የምንለው፤ ሁለት ሰው ሲያናግርም አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ያለ ይመስለዋል። ክፍሉ እንዲዘጋ አንፈቅድም፣ ካስፈለገ ሥራ እናቆማለን አለ። አጨበጨብን። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለና "ማስረጃ ስጡኝ። እዚህ ትምህርት ቤት ማንበብ ያቃታቸው ልጆች መኖራቸውን ሱፐርቫይዘሯ ያላየችው ለምንድን ነው?" አለ።

የስፖርት መምህሩ የፊሽካውን ገመድ ጣቱ ላይ ይጠመጥማል። ጋሽ አይዞህ ጫማውን ያያል። እኔ፣ ተወካይዋ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። "የምዘናው ችግር ነው" አልኩ። ማይክ ጻፈው።

ስንወጣ ጋሽ አይዞህ በሩ ጋ ጠበቀኝ። የተቆጣ መስሎኝ ነበር።

"አትናደጂ የኔ ልጅ። የምሄድበትም ቦታ እኮ ያሉት ልጆች ናቸው" አለኝ።

"እዚህ ያሉትስ?"

"እነሱን አንቺ ታውቂያለሽ።"

ምን ማለቱ እንደሆነ መንገዱን ሙሉ ሳብሰለስል መጣሁ። ቀይ የወጡት ትምህርት ቤቶች ዘዴውን ስላላወቁ ይሆን? ይሄ የማይረባ ሐሳብ ነው፤ ልተወው።

ስምንተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

ግራኝ አይደለችም። ዛሬ ከሰሌዳው ላይ ስትገለብጥ አየኋት። በቀኟ ነው የምትጽፈው።

ስምንተኛ ሳምንት፣ ረቡዕ

የልጅቷ እናት መጣች። ክሊኒክ ውስጥ ጽዳት ናት፤ ከሥራ ቀጥታ ስለመጣች እጇ የበረኪና ሽታ አለው። ልታመሰግነኝ ነው የመጣችው።

"ቲቸር፣ ልጄን ሰው አደረጓት። ቤት ስትገባ ‘ዛሬም እጄን አወጣሁ’ ትለኛለች። በፊት እኮ ትምህርት ቤት ስንደርስ እግሬን ይዛ ነበር የምታለቅሰው።"

"ጎበዝ ልጅ ናት" አልኩ።

"ያ የድጋፍ ክፍል ሊዘጋ ነው ሲባል ደንግጬ ነበር። ኋላ ‘የሚያስፈልገው ልጅ ስለሌለ ነው’ ብለው ነገሩኝ። ተመስገን አልኩ።"

ሁለት እጄን ይዛ ሳመችው። እጄን መንጠቅ ነበረብኝ፤ አልነጠቅሁም። እስከ በር ሸኘኋት፣ እንዲያውም "በርቺ" አልኳት። እኔ ማን ሆኜ ነው ለእሷ በርቺ የምለው?

ስምንተኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ

ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኩት። ዘዴውን ማን እንዳመጣው፣ ሻዩን እንዴት እንዳስረዘምን፣ ልጅቷን፣ እናቷን። እንደ ልማዱ ይቀልዳል ብዬ ነበር። መጀመሪያ ቀለደ። ውሃ ሲፈልግ ጠረጴዛው ላይ ግራ እጁን አወጣ። ሳልስቅ ሲያይ አወረደው።

"ልጅቷን ደብቀሻት ነው እንጂ አልጠላሻትም" አለ።

ያ ነው አንጀቴን የበላው። እውነቱን ነው፣ አልጠላኋትም። ሰው ሁሉ እንዳይጎዳ ብዬ ነው። ማንም እንዳይበተን፣ ጋሽ አይዞህ እንዳይጋለጥ፣ ልጅቷ እንዳታፍር። ሁሉንም ሸፈንኩና የተሸፈነውን የለም አሉኝ። ይህን ለሱፐርቫይዘሯ መናገር ማለት ደግሞ ባልደረቦቼን በሙሉ አሳልፎ መስጠት ነው። ስንት ዓመት ‘አንለያይም’ ስል ኖሬ።

ቢሮ የተቀመጡት ጠመኔ አያውቁም ብዬ ጽፌ ነበር። እኔስ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው ጠመኔ ከያዝኩ።

ዘጠነኛ ሳምንት፣ ሰኞ

የማይክ ጩኸት ሠራ። ሱፐርቫይዘሯ ክፍሉ ከመዘጋቱ በፊት ሐሙስ ተመልሳ ታያለች።

ዳይሬክተሯ ጠራችኝና በሩን ዘጋች። "እለምንሻለሁ፣ ሐሙስም እንደ ባለፈው ይሁን" አለች። "የጋሽ አይዞህ ጉዳይ እኔንም ያመኛል። ግን አረንጓዴው ከተነሳ ጣሪያውም ቀረ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ከአራተኛ ክፍል ጋር እኔው ነኝ ባልዲ የምይዘው።"

ሴትየዋ ትክክል ናት። ሁላችንም ትክክል ነን፤ ልጅቷ ግን አታነብም።

ዘጠነኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

ስብሰባ ጠርቼ ነገርኳቸው። ሐሙስ በእኔ ክፍል ዘዴው የለም። የማንንም ስም አልጠራም፣ የራሴን ክፍል ብቻ ነው የማሳየው።

የስፖርት መምህሩ ተነሳ። "የእኛ ተወካይ ነሽ የእነሱ?" አለ። ዘንድሮ የተቀጠረችው ወጣት መምህርት እንባዋ መጣ፤ የሙከራ ጊዜዋን ገና አልጨረሰችም። "አንቺ ነሽ እኮ ያስተማርሽን" አለች። እሷ ያለችው ይበልጥ ወጋኝ። ሌላው "አንቺ ለጡረታ ቀርበሻል፣ ምን ይጎድልብሻል" አለ። እንዳልሰማ ሆንኩ።

ጋሽ አይዞህ በስተመጨረሻ ተናገረ። "ለእኔ ብላችሁ አትጣሉ። እኔ የትም ሆኜ እሠራለሁ" አለ። ለእሱ ብዬ እንዳልሆነ ልነግረው ፈለግሁና ተውኩት።

ዘጠነኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

እንደሆነው ልጻፈው።

ጠዋት ለልጆቹ ነገርኳቸው። ዛሬ ግራና ቀኝ የለም፣ የሚያውቅ እጁን ያወጣል፣ የማያውቅ እጁን ጠረጴዛው ላይ ያደርጋል፣ ነውር የለውም። ሱፐርቫይዘሯ ገብታ ያችው ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዳይሬክተሯ በሩን ተደግፋ ቆመች። ትምህርቱን እንደጀመርኩ ዝምተኛዋ ልጅ ከጋሽ አይዞህ ክፍል ተመልሳ ገባችና ቦታዋን ያዘች። ጠዋት የተናገርኩትን አልሰማችም። ይህን ያሰብኩት ዘግይቼ ነው።

"ቀጣዩን መስመር ማን ያነብልናል?" አልኩ።

ጥቂት ቀኝ እጆች ወጡ። ሌላው ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ክፍሌ እንዲህ ባዶ ሆኖ አይቼው አላውቅም። መስኮቱ ጥግ ግን አንድ ግራ እጅ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፊቷ ላይ ስጋት የሚባል ነገር የለም። እንግዳ አለ፣ እጇ ወጥቷል፣ ማንም አይነካትም።

ቀኝ ያወጣ ልጅ መጥራት እችል ነበር። እሷን ጠራኋት።

መጀመሪያ እጇን አየች፣ ከዚያ እኔን።

"ቲቸር፣ ግራዬን እኮ ነው ያወጣሁት" አለች። ጮክ አላለችም። ሰው ሲሳሳት እንደሚያርሙት አድርጋ ነው። "አልጠይቅሽም ብለውኝ ነበር።"

ከሱፐርቫይዘሯ ጎን የተቀመጠው ልጅ እንግዳ ግራ እንዳይጋባ ብሎ ዞሮ በትሕትና አስረዳት። "ግራ ለማያውቅ ነው።"

ሴትየዋ መጻፏን አቆመች። ዳይሬክተሯ ወለሉን አየች። ሱፐርቫይዘሯ ልጆቹን በለሰለሰ ድምፅ "ባለፈው ስመጣ ግራ ያወጣችሁ እነማን ነበራችሁ?" አለቻቸው። ልጆች ናቸው፣ አልዋሹም። ግማሹ ክፍል እጁን አወጣ።

ኮሪደር ላይ ቅጣቴን ስጠብቅ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገች። "እኔ አስተምር በነበረበት የማያውቅ አመልካች ጣቱን አጥፎ ነበር የሚያወጣው" አለች።

"ታዲያ ባለፈው አላወቁብንም?"

"አላየሁም ልበልሽ? አረንጓዴ ስናበዛ እኛንም ያመሰግኑናል።" መነጽሯን መልሳ አደረገች። "ማስጠንቀቂያ ይደርስሻል። እኔ ላስቀረው አልችልም።"

ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ቀና ብላ አላየችኝም። ከሁሉም ሰው ጋር ለሳምንታት ቃሌን ጠብቄ፣ ያፈረስኩት የእሷን ነው። በሰው ፊት። ልክ ነገር ሠራሁ ብዬ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ እስቲ ለዛሬ ይቆይ።

አሥረኛ ሳምንት፣ ዓርብ

አረንጓዴው ተነሳ። ዘበኛው በምላጭ ሲፍቀው ማንም አላጨበጨበም። ቀይ ወጣብን። ጣሪያው ይቆያል። የማንም መምህር ዝውውር አልመጣም፣ ማስጠንቀቂያ የተጻፈው ለእኔ ብቻ ነው። ማይክ ስልክ ደውሎ ከተወካይነት ራሴን ባነሳ ለማኅበሩ ክብር እንደሚበጅ ነገረኝ። ክፍለ ከተማው ሁሉ ሳይሰማው አይቀርም። ተነሳሁ፤ ከማኅበሩ ግን አልወጣሁም። መዋጮዬም ከደሞዜ መቆረጡን እንዲቀጥል ነገርኩት።

የጋሽ አይዞህ ክፍል አይዘጋም። እንዲያውም ረዳት ይመደብለታል ተብሏል፤ ሲመደብ አያለሁ።

መምህራን ማረፊያ ስገባ ወሬ ይቆማል። ዛሬ የስፖርት መምህሩ ሳያናግረኝ አንድ ብርጭቆ ሻይ ፊቴ አስቀመጠና ፊሽካውን ይዞ ወጣ። ስኳር ሁለት አድርጎልኛል፣ የምጠጣው እንደዚያ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ሳምንት፣ ሰኞ

ይኸው ሁለት ሳምንት ዝምተኛዋ ልጅ እጇን አላወጣችም። ቀኝም ግራም። ሁለቱንም ጭኗ ሥር አድርጋ ትቀመጥባቸዋለች። እናቷን አስጠርቼ እውነቱን ነግሬያታለሁ። አልጮኸችብኝም፣ "እኔም እኮ ማንበብ አልችልም፣ እንዴት አድርጌ ልወቅ" ብቻ አለችኝ።

ዛሬ በየተራ ስናነብ እሷ ጋ ደረሰ። ላልፋት ነበር። ደብተሬን ስገልጥ ድምፅ ሰማሁ። ጀምራለች። ቃል በቃል፣ እየቆመች፣ ጣቷን ሥር ሥሩ እያስኬደች። መሐል ላይ አንድ ረጅም ቃል ያዛት። ግራ እጇ ከጭኗ ሥር ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ትከሻዋም ከፍ አለ። ከዚያ እጇን መለሰችው።

"ቲቸር፣ ይቺን አላውቃትም" አለች።

እኔ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለኝ ልጅ ትዝ አይለኝም። ጠመኔውን አስቀመጥኩና ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።